ጥርስ የሰማው

መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ነበር ነገሩ፤
ቸርችልን ስወጣ፣ ከፖስታ ቤት በላይ፣ ከኮፈኑ ሥሩ
በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን የሚያፋጭ ሕፃን ይመስላል፤
ሲጥ ይላል… ዝም ይላል…
እኔም ራዲዮውን ከፍ አደርግበታለሁ፤
ያልሰማሁት ነገር የሚተወኝ መስሎኝ፣ ዘፈን እጭናለሁ።

ሐምሌ እንዲህ አለፈ።
ነሐሴ አጋማሽ ላይ ድምፁ ሥጋ አውጥቶ፣
ለገሃር መብራት ላይ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ግማሽ ጎኑ ወጥቶ
«እናትዬ፣ ማነው ኮፈንሽ ሥር የሚያለቅሰው ገብቶ?»
ቢለኝ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አረንጓዴው በርቶ
የኋላው ጡሩምባ እንደ ዱላ መጥቶ
አሳደደኝ።

ጎማ ቁጠባ ወረድኩ። አንዱ ቆሞ ሰማና
«ቢየላ ነው፤ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ፣ ከቁም ሳጥን ጫፍ ሻንጣ እንደሚያወርድ ቀለል አደረገና፤
ዋጋውን ግን በሹክሹክታ።
ሌላው «ፑንቴሪያ ነው» አለ፣ ኮፈን ሳያስከፍት፣ ሲጋራውን እየሳበ በእርጋታ።
ሦስተኛው «ሽጪው» አለኝ፤ ደላላው ወንድሙ
ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ገና ሳይታወቅ የመኪናው ሕመሙ።

ከጥቁር አንበሳ ጀርባ፣ ቀይ ቁጥር የተጻፈበት፣
ለመንገድ የሚፈርስ ግንብ አለ፤ ግማሹ የተገመሰበት።
ሥሩ አንድ ጋራዥ ነው። በር የለውም፤ ሰው ግን አለበት።

ጋሽ እርገጤ ይባላል፤ ስሙ እንደ ትእዛዝ ነው የሚወጣው ካፉ፦
«እርገጪ!» ረገጥኩ። «ተዪው!» ተውኩት።
ከሞተሩ ገላ አረፈ የረዥም ካቻቢቴ ጫፉ፤
እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል ብዬ ስጠብቅ አላደረገም፤
ነከሰው። ዓይኑን ጨፈነ። አልተናገረም።
ለካ ጆሮው ሄዷል። አርባ ዓመት መዶሻ፣ አርባ ዓመት መፍጫ
እየቆነጠረ ወስዶት፣ የቀረው መስሚያ መንጋጋው ነው ብቻ።

ቴስታታው ላይ ነከሰ፤ አለፈው።
ኮፓውን ነካ፤ አለፈው።
ዲናሞው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ተወው።
ውሃ ፓምፑ ጋ ሲደርስ ፊቱ ተኮማተረ፣
ጥሬ ሎሚ እንደቀመሰ፣ ድንጋይ እንደቆረጠመ፣ ሕልሙን እንዳስታወሰ፣ ግራ እንደተሰወረ።
«ምትኩ! ቺንጊያውን ፍታ!» ልጁ ፈታ።
«ላፍታ አስነሺው።» አስነሳሁ።
                    ጸጥታ።

ዝምታውን አልሰማም፤ የልጁን ፊት አየ፤
«ቆመ?»
«ቆመ» አለ ምትኩ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ፊደሉን በከንፈሩ አንድ በአንድ እየለየ።

«ሞተርሽ ጤና ነው፤ የሚጮኸው ተከራይ፤
ኩሽኔታው ደርቆ ነው፣ ውሃ ፓምፑ ላይ።»
ዳውላው ሲንቋቋ፣ እነዚያ ለካ አህያውን ሊገድሉ ነበር፣
አርባ ሺህ እየተባባሉ፣ በእኔው ብር!

ምትኩ ምትክ ፍለጋ ሱማሌ ተራ ሮጠ፤
በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ፤ ላቡን በክርኑ ጠረገ፣ ተቀመጠ፤
«ያገለገለ ነው ግን ኦሪጅናል» አለ።
ጋሽ እርገጤ በጣቱ አሾረው፤ እንደ ጥንት ብር ነክሶ፣ «ይሁን» አለ።

ሲገጥሙት አየሁ ልጁን፦ ጆሮው ሙሉ ነው፣ ግድግዳ ጀርባ ያለ ሰው ሲያስነጥስ ይሰማል፤
ሆኖም ጋሼ ዞር ሲል፣ ካቻቢቴውን አንሥቶ፣ ነክሶ ይለማመዳል።
የሚቀምሰው ዘይት ነው ለጊዜው። ይተፋል፤ ደግሞ ይነክሳል።

ሁለት ሺህ ከፈልኩና፣ ጮክ ብዬ ጠየቅኩት፣ ቀዩን ቁጥር አሳይቼው፦
«ይኼ ሲፈርስስ፣ ጋሼ፣ ወዴት ነው የምትሄደው?»
አልሰማኝም። ወይም ሰምቷል።
«እርገጪ!» አለኝ፤ መንገዱ ተከፍቷል።

ቸርችልን ስወጣ ራዲዮውን ዘጋሁ።
ሞተሩ በዝግታ ይተነፍሳል፤ እኔም አብሬው ተነፈስኩ።
ፖስታ ቤቱን እንዳለፍኩ ግን፣ ትልቁ ጩኸት ሸፍኗት የኖረች
አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ ከኋላ፣ ከግራ በኩል፣ ጠቅ… ጠቅ… አለች።
ይቺን ደግሞ ነገ
የማን ጥርስ ይስማት?